አሜሪካ ብትዘጋ ቻይና ትከፍታለች? ለገላኗ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ሸገር ከተማ፣ ገላን ውስጥ በስምንት የስፌት መኪና ቲሸርትና የደንብ ልብስ ይሰፋሉ። እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወደ ዱከም መስመር ያለ አንድ ፋብሪካ ኦርደር ሲበዛበት ሥራ ያካፍላቸው ነበር፤ ልብሱ የሚጫነው ወደ አሜሪካ ነው። ያ ፋብሪካ ዛሬ መስፋቱን ትቶ መጋዘኑን አከራይቷል። «ቻይና ቀረጥ ሙሉ በሙሉ አነሳች ይሉኛል፣ ቴሌቪዥኑም ኤክስፖርት ጨመረ ይላል። ታዲያ አሁን ዋናው የንግድ አጋራችን ማን ነው? እኔስ ፊቴን ወደ ቻይና ላዙር?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም። በልብስ ሥራ ቻይና አቅራቢያችን ናት፤ ገዢያችን አይደለችም፣ በቅርቡም የምትሆን አይመስለኝም። እርስዎ ፊትዎን የሚያዞሩ ከሆነ መጀመሪያ ወደ አገር ውስጥ ገበያ፣ ቀጥሎ ወደ አውሮፓ ነው። ሥራዬ የወጪ ንግድ ሰነድ ማዘጋጀትና ዋጋ ማስላት ስለሆነ፣ ከቃሊቲ እስከ ሞጆ ባለው መስመር የእርስዎን ጥያቄ የሚጠይቁ ብዙ ሰዎች ያጋጥሙኛል። አብዛኞቹ ነገሩን የሚያዩት ከቀረጥ አንጻር ብቻ ነው። እኔ ግን ከቀረጡ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ ጨርቁ ከየት መጣ?

ለአሜሪካ ሲሰፉ ከነበሩት ቲሸርቶች አንድ የተረፈ ናሙና ካለዎት ገልብጠው ይዩት። አንገቱ ላይ በኢትዮጵያ መሠራቱን የሚናገር ምልክት ተሰፍቷል። ጨርቁ ግን በጥቅልል ከቻይና ወይም ከህንድ የመጣ ነው። የኦቨርሎክ ክሩም፣ የአንገቱ ሪብም፣ በጎኑ ስፌት የገባችው የእጥበት ምልክትም፣ የሚታሸግበት ላስቲክም፣ ዋጋው የተጻፈበት ካርድም ሳይቀር ከውጭ የገባ ነው። እዚህ የተጨመረበት መቁረጥ፣ መስፋት፣ መተኮስና ማሸግ ነው። ልብሱ ሲወጣ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ ወደ አሜሪካ የተላከ ተብሎ ተመዘገበ። ጨርቁ ሲገባ ደግሞ ከቻይና የገባ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። በሪፖርት ላይ ሁለት የማይተዋወቁ መስመሮች ይመስላሉ፤ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ልብስ ናቸው። ለዚህም ነው አሜሪካ በሩን ስትዘጋ ከቻይና የሚመጣው የጨርቅ ጭነትም አብሮ የቀነሰው። በአምራችነት ሥራችን ከአንዱ አጋር ጋር ያለን ንግድ በሌላው ላይ የተንጠላጠለ ነው። የእርስዎን ችግርም በዚህ መንገድ ካላየነው መፍትሔው ይሸሸናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ሳይሰላ የሚወሰን ነገር የለምና። እንበልና አንድ የጥጥ ቲሸርት ጅቡቲ መርከብ ላይ ሲጫን ዋጋው፣ ማለትም ፎቡ፣ 3 ዶላር ነው። ጨርቁ፣ ክሩና ማሸጊያው 2 ዶላር ይውሰዱ፤ ማጓጓዣና ሰነድ ጥቂት ይውሰድ፤ ለስፌቱ፣ ለደመወዙ፣ ለመብራቱና ለትርፉ የምትቀረው 60 ወይም 70 የዶላር ሳንቲም ናት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የእርስዎን ቁጥር እርስዎ ያስገቡበታል። አሜሪካ በጥጥ ቲሸርት ላይ የምታስከፍለው መደበኛ ቀረጥ ግን ምሳሌ አይደለም፤ 16.5 በመቶ ነው። ከ3 ዶላር ላይ 50 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። በአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነፃ ገበያ በሰጠችበት ሕግ ጊዜ ይህ ዜሮ ነበር። ስለዚህ አጎዋ ሲቀር ገዢው የጠየቀው «50 ሳንቲሟን ማን ይሸከም?» የሚል ነው። ጨርቅ ሻጩ ዋጋ አይቀንስም፣ መርከቡም አይቀንስም፤ የሚቀነስበት ቦታ የእኛዋ 60 ሳንቲም ብቻ ናት። ልብሱ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ ቀረጡ 32 በመቶ ስለሚሆን ነገሩ ያለ ክርክር ያልቃል። የእርስዎ አሠሪ ፋብሪካ ስንፍና ይዞት የተዘጋ አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ ነው የዘጋው።

ከአሜሪካ ጋር የነበረው ንግድ እንዴት እንደመጣ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ድንገት መጥቶ ድንገት የሄደ ይመስላልና። አጎዋ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ለብዙ ዓመት ብዙም አልተጠቀምንበትም። ለተወሰነ ጊዜ ዋናው የልብስ ገዢያችን ጀርመን ነበረች፤ አለም ገና ላይ የተተከለው የቱርኮቹ «አይካ አዲስ» ፋብሪካ ክር ፈትሎ፣ ሹራብ ጨርቅ ሠርቶ፣ ቀልሞ፣ ሰፍቶ የሚልከው በዋናነት ወደዚያ ነበር። ያ ፋብሪካ በባንክ ዕዳ ተይዞ እጁን ቢሰጥም አንድ ነገር አሳይቶን አልፏል፦ ከክር እስከ ልብስ በአንድ ግቢ ማምረት እዚሁ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ይቻላል። ከዚያ በጥር 2004 ዓ.ም. የቻይናው ጫማ አምራች ሁዋጂያን ዱከም በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ጫማ መስፋት ጀመረ፤ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከተለ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳው ተመረቀ። የመጡት ባለሀብቶች የቻይና፣ የህንድ፣ የኮሪያና የሌሎች የእስያ አገሮች ሰዎች ሲሆኑ የገዢዎቹ አድራሻ ግን በአብዛኛው አሜሪካ ነበር። የአጎዋ ደንብ እንደ እኛ በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች ጨርቁ ከየትም ይምጣ ይል ስለነበር፣ የቻይና ጨርቅ በኢትዮጵያ እጅ ተሰፍቶ ያለ ቀረጥ ኒው ዮርክ ይገባ ነበር። የእስያ ፋብሪካዎችን ወደዚህ የሳባቸው ርካሽ ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ይህ ደንብ ነው። በጥሩው ዓመት በአጎዋ በኩል የምንልከው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፣ ከውስጡም አብዛኛው ልብስ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ እንደምታስወጣን አሳወቀች፤ በዚያው ኅዳር የአሜሪካው ልብስ ድርጅት ፒቪኤች ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአጎዋ ወጣን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስምርበት። ብራንዶች ኦርደር የሚያቅዱት ወቅቱ ከመድረሱ ብዙ ወራት ቀድመው ነው። ስለዚህ ጉዳቱ በአንድ ቀን አልታየም፤ የተፈረመው ኦርደር እስኪያልቅ ፋብሪካዎቹ ሠሩ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሲመለስም እንደዚሁ ነው። ነገ ጠዋት አጎዋ ተከፈተ ቢባል እንኳ ገዢ ኦዲተር ልኮ ፋብሪካ እስኪያይ፣ ሳምፕል እስኪያጸድቅ፣ ኦርደር እስኪሰጥ ከአንድ የምርት ወቅት በላይ ይፈጃል። አጎዋን እየጠበቁ ሠራተኛ ይዘው አይቀመጡ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ቻይና። የሚሉዎት እውነት ነው፤ ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቻይና ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ካላቸው በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ የቀሩ አገሮች የሚመጣ ዕቃን በሙሉ ከቀረጥ ነፃ አድርጋለች፤ ኢትዮጵያም ከእነሱ አንዷ ናት። ከዚያ በፊትም አብዛኛው ዕቃችን በዜሮ ይገባ ነበር። ለሰሊጥ፣ ለቡና፣ ላለቀለት ቆዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለቲሸርትስ? ቻይና የዓለም ትልቋ ልብስ ላኪ ናት። ጨርቁን ከጓንግዙ አስመጥተን፣ ጅቡቲ አውርደን፣ ሞጆ አምጥተን፣ ገላን ሰፍተን፣ እንደገና ጅቡቲ መልሰን ጓንግዙ ብንሸጠው፣ ያው ጨርቅ እዚያው ሰፈር ተሰፍቶ ከተሸጠው ጋር ሊወዳደር አይችልም። የባህር ማጓጓዣው ሁለት ጊዜ ተከፍሎበታል፣ ከሁለት ወር በላይ መንገድ ላይ ባክኗል። ዜሮ ቀረጥ ይህን አይሸፍንም። ለባህር ዳርቻ ሰው ጨው እንደመሸጥ ነው።

ቻይና እንድትገዛን ከፈለግን የእኛ የሆነ ነገር ያስፈልገናል። ቆዳ አንዱ ነው፤ ስለ ቆዳ ትንሽ ልቆይ፤ የማዝንበት ዘርፍ ነውና። የደጋ በጋችን ሌጦ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት በዓለም የታወቀ ነው። ድሮ ዌት ብሉ፣ ማለትም በክሮም ለፍቶ ገና ያላለቀ ቆዳ እያደረግን በዋናነት ለጣሊያንና ለእንግሊዝ እንሸጥ ነበር። መንግሥት ጥሬውን መላክ ይብቃ ብሎ በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል ባለቀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ቀረጥ ጣለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ክረስት ወደሚባለው፣ ደርቆ ማጠናቀቂያው ብቻ ወደ ቀረው ቆዳ አሰፋው። ዓላማው ትክክል ነበር። ያለቀለት ቆዳ የሚገዙን ደግሞ ሌሎች ሆኑ፤ የቻይና፣ የሆንግ ኮንግና የህንድ ድርሻ ጨመረ። አንድ የቀረጥ ውሳኔ ብቻውን የንግድ አጋር ሊቀይር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ችግሩ የመጣው ከጀርባ ነው፦ የኬሚካል ዶላር ጠፋ፣ ሌጦው ከቤት እርድ ሲመጣ በቢላ ተቀዶና ሳይጨው ከርሞ ነበር፣ ፋብሪካዎቹም በፍሳሽ ማጣሪያ ተወጠሩ። ዋጋው ወረደ። የፋሲካ ማግስት በአቃቂና በሳሪስ መንገድ ዳር የተጣለ የበግ ሌጦ አይተዋል፤ ድሮ «ሌጦ ያለው!» እያለ የሚዞር ሰው ነበር፣ ዛሬ በነፃ የሚወስደው የለም። ቻይና ቀረጡን ዜሮ ማድረጓ የሚጠቅመን ይህ ሌጦ ሳይቀደድና ሳይበሰብስ ሞጆ ያሉት የቆዳ ፋብሪካዎች ሲደርስ ነው። ቁልፉ ያለው ቤጂንግ አይደለም፤ የእርድ ቢላዋችንና የጨው ከረጢታችን ላይ ነው።

በገቢው በኩልስ ምን ተቀየረ? ቻይና ለዓመታት ትልቋ አቅራቢያችን ሆና ቆይታለች፤ ይህ አልተለወጠም። የተለወጠው ከእሷ የምናመጣው ዕቃ ዓይነት ነው። ያለቀለት ዕቃ ቦታውን ለሚገጣጠም ዕቃ እየለቀቀ ነው። ስልክ ተፈታትቶ መጥቶ ጎሮ ሲገጣጠም ብዙ ዓመት ሆነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል ደግሞ ከጃፓን መኪና ወደ ቻይና ኤሌክትሪክ መኪና የሚደረገው ሽግግር ፈጠነ። የቀረጡ አሠራር ራሱ ይገፋል፦ ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ዜሮ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ያለቀለት 15 በመቶ። በቱሉ ዲምቱና በገላን መጋዘኖች የሚያዩዋቸው ትልልቅ የእንጨት ሣጥኖች ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። የሚገጣጠም ዕቃ የሚያስገባ አገር ያለቀለት ዕቃ ሲገዛ የነበረውን ያህል ከውጭ ዕቃ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ወደ ፊት ፕላስቲኩን፣ ሽቦውን፣ ወንበሩን እዚህ መሥራት ካልጀመርን ከቲሸርቱ ታሪክ ብዙም አይለይም።

ስለ ቴሌቪዥኑ ዜና። ዜናው ውሸት አይደለም። በ2017 የበጀት ዓመት የወጪ ንግድ ገቢ ከ8 ቢሊዮን ዶላር አልፏል፤ ከዚህ ውስጥ ግን ሦስት አራተኛ ገደማው ወርቅና ቡና ነው። ልብስ፣ ቆዳና ሌላው የፋብሪካ ምርት በዚያ ዜና ውስጥ ድርሻው በጣም ትንሽ ነው። እርስዎ «ታዲያ ለምን እኔ ዘንድ አልደረሰም?» ቢሉ መልሱ ይኸው ነው።

ወርቁ የጨመረበት ምክንያት ግን የእርስዎንም ሥራ ይነካል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ኤክስፖርተር ካመጣው ዶላር 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 በመቶውን ለራሱ ባንክ አስረክቦ በእጁ የሚቀረው 20 በመቶ ነበር፤ ያውም በኦፊሴላዊው ዋጋ። ስለዚህ ብዙ ነጋዴ ኤክስፖርት የሚያደርገው ለማትረፍ አልነበረም። ባቄላና ሰሊጥ በኪሳራ ሸጦ፣ ባገኛት ዶላር ብረት ወይም ጎማ አስገብቶ እዚያ ላይ ያወጣል። በዚያን ጊዜ የነበረውን የንግድ አጋሮች ዝርዝር ሳነብ ሁልጊዜ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው፤ ዕቃው የሄደበት አገር ዋጋው ጥሩ ስለሆነ የተመረጠ ላይሆን ይችላል። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያው ሲመጣ ለብሔራዊ ባንክ ማስረከብ ቀረ፣ ላኪው ግማሹን እንዲይዝ ተፈቀደ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በድንበር ሲሸሽ የነበረው ወርቅ ወደ ባንክ መጣ።

ለእርስዎ ይህ ሁለት ስለት አለው። ጨርቅ ከመርካቶ ገዝተው ለአገር ውስጥ ከሰፉ የጨርቁ ዋጋ በብር እጥፍ ሆኖብዎታል፣ ደንበኛዎ ግን እጥፍ አይከፍልም። ለውጭ ከሰፉ ደግሞ የሠራተኛዎ ደመወዝ በዶላር ሲታይ ቀንሷል፣ ስለዚህ ያቺ 60 ሳንቲም ከቀድሞ የበለጠ ብር ታመጣለች። በዚያው ልክ ሠራተኛዎ ቤት ኪራይና ጤፍ የሚከፍለው በአዲሱ ዋጋ መሆኑን አይርሱ። ከዱከም እስከ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ያሠለጠኗቸውን ልጆች በየወሩ የሚያጡት ደመወዙ ከኪራይ ስለማያልፍ ነው፤ የሚለቅ ሠራተኛ የበዛበት ፋብሪካ ደግሞ የትኛውንም ገበያ በጥራት አያገለግልም።

ወደ አውሮፓ ልምጣ። ሰው የማያውቀው በር እዚያ አለ። «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም ዕቃ» የሚለው የአውሮፓ ኅብረት ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከቀረጥም ከኮታም ነፃ አድርጎናል፣ ዛሬም ከውስጡ ነን። መደበኛው የአውሮፓ ቀረጥ በልብስ ላይ 12 በመቶ ነው፤ አውሮፓ ደግሞ ቀረጥ የሚያሰላው ማጓጓዣና መድን ተጨምሮበት ስለሆነ በ3 ዶላሯ ቲሸርት ላይ ከ36 ሳንቲም በላይ ይሆናል። ለእርስዎ ዜሮ ነው። ድሮ ይህን ለማግኘት ጨርቁም እዚሁ መሠራት ነበረበት። እ.ኤ.አ. ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ ግን እንደ እኛ ላሉ አገሮች መቁረጥና መስፋት ብቻ ይበቃል፤ የቻይና ጨርቅ ገላን ተቆርጦ ተሰፍቶ ሃምቡርግ ሲደርስ የኢትዮጵያ ዕቃ ነው። ሌላም አለ። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ የማይበልጥ ከሆነ ማንኛውም ላኪ የምንጭ አገር መግለጫውን ራሱ ፋክቱሩ ላይ ጽፎ መላክ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ነው በተመዘገበ ላኪነት ቁጥር ማውጣት የሚያስፈልገው። ለስምንት መኪና ይህ ገደብ የተስማማ ነው። የቆዳ ቦርሳ ለመሞከር ካሰቡ ደግሞ የአውሮፓ መደበኛ ቀረጥ 3 በመቶ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ዜሮ መሆናችን ብዙም ብልጫ አይሰጠንም፣ የሚያሸንፈው የእጅ ሥራውና ቆዳው ነው።

የአውሮፓ ችግሩ መንገዱ ነው። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባህር መርከቦች ሲጠቁ ብዙዎቹ የመርከብ ድርጅቶች ስዌዝን ትተው በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፤ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ዕቃ ሁለት ሳምንት ያህል ተጨመረበት። ከእስያ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ጨርቅ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ስለሚገባ ያን ያህል አልራቀም። ማለትም መግቢያችን ቅርብ ሆኖ መውጫችን ራቀ። ከአገር ውስጥ መጓጓዣው ደግሞ የእንዶዴ ባቡር ጣቢያ ከእርስዎ ቤት ብዙም አይርቅም፤ ኮንቴነር የሚሞላ ዕቃ ላለው ባቡሩ ጠቃሚ ነው። እርስዎ ኮንቴነር አይሞሉም። ስለዚህ ወይ ከሌሎች ጋር ተዳብለው መጫን፣ ወይ ዋጋው ከፍ ያለ ልብስ ሰፍተው ከቦሌ በአውሮፕላን መላክ ነው። የ3 ዶላር ቲሸርት አውሮፕላን አይችልም። በጥበብ ጨርቅ የተሠራ፣ ክሩ አገር ውስጥ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ ልብስ ግን ይችላል። እዚያ ላይ የጨርቁ ጥያቄም ይመለሳል፤ ጨርቁ የሽሮ ሜዳ ነዋ።

ለአፍሪካ ገበያ አንድ አንቀጽ ይበቃል። ኢትዮጵያ በአህጉራዊው ነፃ የንግድ ቀጠና ሥር ዕቃ መላክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ነው። ልብስ ግን በዚያ ስምምነት ውስጥ የምንጭ አገር ደንቡ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የቆየ ዘርፍ ነው። ናይሮቢ ደንበኛ ካለዎት ይሞክሩ፤ ከሌለዎት ለአሁኑ ጉልበትዎን አይከፋፍሉ።

አገር ውስጥ ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። ከውጭ የሚገባ ያለቀ ልብስ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ አለበት፣ በላዩ ላይ ሱር ታክስ የሚባለው በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ግብርና ተጨማሪ እሴት ታክስ ይደመራሉ። ዶላሩ እጥፍ ሲሆን ያ ልብስ በብር ከእርስዎ ልብስ ይበልጥ ተወደደ። እርስዎ ያሉበት ዙሪያ ደግሞ በፋብሪካ የተሞላ ነው፤ የቀለም፣ የብረት፣ የመጠጥ፣ የሴራሚክ ፋብሪካ ሁሉ ለሠራተኛው ቱታ ይገዛል። ብዙዎቹ እስከ ቅርብ ጊዜ ከውጭ ያስመጡ ነበር። ይህን መተካት በስታቲስቲክስ ኤክስፖርት አይባልም፤ ከቻይና ጋር ያለንን ሚዛን ግን ልክ እንደ ኤክስፖርት ነው የሚያቃናው። ተፎካካሪዎ ሰልባጅና በኮንትሮባንድ የሚገባው ነው፤ ለቱታና ለትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ግን ሰልባጅ አይሆንም፣ መቶ ልጅ አንድ ዓይነት መልበስ አለበትና። ከኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ፋብሪካዎችም የተወሰነ ምርታቸውን አገር ውስጥ እንዲሸጡ ስለተፈቀደላቸው ትልቁን ጨረታ ይወስዱብዎታል። እርስዎ የሚያሸንፉት ሁለት መቶና ሦስት መቶ ቱታ በሚፈልገው፣ ልክ አስለክቶ በአሥር ቀን መረከብ በሚሻው ደንበኛ ዘንድ ነው። ያንን ጓንግዙ አይችለውም።

ወደ ውጭ መላክ ሲጀምሩ ደግሞ ለኤክስፖርት የሚገባ ጨርቅ ቀረጡ የሚመለስበት ወይም በቫውቸር ሳይከፈል የሚገባበት ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 768/2004 አለ፤ ትራንዚተርዎ «ለትንሽ አይሠራም» ቢልዎት አይቀበሉት፣ ራስዎ ጉምሩክ ሄደው ይጠይቁ። ከመርካቶ በሁለተኛ እጅ ከሚገዙት ጨርቅ ላይ ግን ተመላሽ ማግኘት ከባድ ነው፤ የገባበት ዲክላራሲዮን በስምዎ የለምና። ስለዚህ ገላንና ዱከም ካሉ ሦስት አራት ሰፊዎች ጋር ሆነው አንድ ጥቅልል ጭነት በጋራ ማስገባት ይነጋገሩበት።

ለመጀመር ከእርስዎ የሚያስፈልገኝ ይህ ነው፦ የመጨረሻውን የጨርቅ ፋክቱር፣ ለአንድ ቱታ የሚፈጀውን ሜትር፣ በቀን አንድ መኪና የሚያወጣውን ብዛትና የወር ደመወዙን ይጻፉልኝ። ያንን ካገኘሁ ለገላን ፋብሪካና ለአውሮፓ ደንበኛ የሚሰጡትን ዋጋ ለየብቻ አስልቼ እልክልዎታለሁ።